አስቸጋሪ ተጫዋችና አዲሱ ጨዋታ መሪ

የጠረጴዛ ላይ የሚና ጨዋታ ጥቂት ሰዎች አብረው ተቀምጠው፣ እያንዳንዳቸው የአንድ ገጸ ባሕርይ ሚና ይዘው፣ ታሪክን በንግግር እየፈጠሩ የሚያስኬዱት ጨዋታ ነው። ከመካከላቸው አንዱ ጨዋታ መሪ ሆኖ ዓለሙን ይገልጻል፣ በታሪኩ ለሚገቡ ሌሎች ሰዎች ሁሉ ይናገራል፣ ውጤቱ አጠራጣሪ በሆነ ጊዜም ዳይስ (በየገጹ ቁጥር ያለበት መጣያ ጠጠር) ያስጥላል። ጨዋታው ዛሬ በሚታወቅበት መልኩ የተጀመረው፣ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ያዘጋጁት ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ ሲታተም ነው። በልጅነቱ እንቆቅልሽ አልፈታ ሲለው «አገር ስጠኝ» ተብሎ ጎንደርን ወይም ሸዋን የሰጠ የጎጃም ልጅ፣ በቃል ብቻ ዓለም መፍጠር አይቸግረውም፤ የሚከብደው ታሪኩን እየመሩ ሰውንም ማስተዳደር ነው።

አስቸጋሪ ተጫዋች የሚባለው የሌሎችን ተራ የሚቀማ፣ በየደንቡ የሚሟገት ወይም የጓደኞቹን ገጸ ባሕርያት የሚዘርፍና የሚያጠቃ ሰው ነው። ለምሳሌ ታሪኩ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከጎጃሙ ባሶ ገበያ ተነሥተው ወደ ዓባይ በሚወርዱ ሲራራ ነጋዴዎች ላይ ያረፈ ይሁን። አንዷ ተጫዋች ቀረጥ ለማስቀነስ ከኬላ ጠባቂው ጋር ስትከራከር፣ ንግግሯን ሳትጨርስ ሌላው «ወጋሁት!» ብሎ ዳይሱን ይጥላል፤ ሲጠየቅም «ምን ላድርግ፣ ገጸ ባሕርዬ ቁጡ ነው» ይላል። መሪው የወጣውን ቁጥር የመቀበል ግዴታ የለበትም። «ቆይ፣ መጀመሪያ እሷ ትጨርስ» ማለት ሥልጣኑ ነው፤ ገጸ ባሕርይውን ቁጡ ያደረገው ተጫዋቹ ራሱ ነውና ምክንያቱ አያስኬድም።

ጀማሪ መሪዎች ብዙ ጊዜ የሚፈተኑት ጥፋተኛውን በታሪኩ ውስጥ ለመቅጣት ነው፤ ሽፍታ አስነሥተው ወይም መብረቅ አውርደው ገጸ ባሕርይውን ይገድሉታል። ይህ ጠቡን ያባብሳል እንጂ አያበርድም፣ ምክንያቱም ችግሩ የተፈጠረው በሰዎቹ መካከል ስለሆነ ተጫዋቹ ቅጣቱን እንደ በቀል ይቆጥረዋል።

በጎጃም ትልቁ እንቅፋት ይሉኝታ ነው። ተጫዋቹ በዕድሜ የሚበልጥ ወይም ቤቱን ለጨዋታው የሰጠ ከሆነ መሪው ዝም ይላል፣ የቀሩትም ሰበብ እየፈለጉ መቅረት ይጀምራሉ። ደግነቱ ሽማግሌዎች ባለጉዳዮችን ለየብቻ የሚያነጋግሩበት ልማድ ለዚህም ይበቃል። መሪው ሰውየውን ብቻውን አግኝቶ፣ ስለ ጠባዩ ሳይሆን ስለ አንድ የተወሰነ ድርጊት ማንሣት አለበት፦ «ጋሼ፣ ባለፈው ልጅቷ ከጠባቂው ጋር ስትከራከር ንግግሯ ተቋረጠ፤ በሚቀጥለው እንድትጨርስ ይርዱኝ።» እንዲህ የተጠየቀ ሰው ብዙውን ጊዜ እሺ ይላል።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ታሪኩ ሳይጀመር ለስምምነት ብቻ አንድ ቀን መቀመጥ ነው። የዚያን ዕለት የጨዋታው መንፈስ፣ የስልክ አጠቃቀም፣ እርስ በርስ መጠቃቃት መፈቀድ አለመፈቀዱና ማንም እንዲነሣበት የማይፈልገው ጉዳይ ይወሰናል። አንዳንድ ቡድኖች የኤክስ ምልክት ያለበት ካርድ ጠረጴዛው ላይ ያኖራሉ፤ የከበደው ሰው ሲነካው፣ ምክንያት ሳይጠየቅ ያ ነገር ይታለፋል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ለውጥ ከሌለ ማሰናበት ይመጣል፤ ውሳኔውም የቡድኑ ሁሉ መሆን ይገባዋል። ሰው ከሰው በየቀኑ በሚገናኝበት በደብረ ማርቆስ ወይም በፍኖተ ሰላም፣ ይህ ከጨዋታው ቀን አስቀድሞ ፊት ለፊት ቢነገር ይሻላል። ገጸ ባሕርይውም ሳይሞት ከነጋዴዎቹ ተለይቶ ወደ ባሶ ቢመለስ፣ ሰውየው ቆይቶ ልግባ ቢል የሚይዘው ሚና አያጣም።