«ሲስተር፣ የልጁ ምጥን 14 ዓይነት እህል አለበት እኮ!»

አያትየው ልጁን ታቅፈዋል፣ እናትየው በጣቷ ትቆጥራለች። «ስንዴ፣ ገብስ፣ አጃ፣ ነጭ ጤፍ፣ ቀይ ጤፍ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ዳጉሳ፣ ሩዝ...» አንድ እጅ አልበቃትም፣ ወደ ሌላው ተሻገረች። «ሽምብራ፣ አኩሪ አተር፣ ኦቾሎኒ፣ ሰሊጥ፣ ተልባ። 14 ዓይነት እህል አለበት እኮ ሲስተር! ምን አጎደልኩ?»

ልጁ 9 ወሩ ነው። ክንዱ ላይ የጠቀለልኩት መለኪያ 12 ሴንቲ ሜትር ይላል፣ ቢጫው ላይ ነው። ቢጫ ማለት ልጁ ምግብ አንሶታል ማለት ነው።

ጤና ጣቢያ ውስጥ ሕፃናትን ስመዝን ይህን የእህል ቁጥር 7 ሆኖም፣ 12 ሆኖም፣ አንድ ጊዜ 21 ሆኖም ሰምቼዋለሁ። እንደ ሠርግ ወጪ በየዓመቱ ይጨምራል። ጎረቤት 10 ከከተተች እኛ ቤት 12፣ እህቷ ከውጭ አገር ከደወለችላት 14። የልጁ ክንድ ግን አብሮ አይጨምርም።

እንግዲህ አንድ በአንድ እንየው። ስንዴ፣ ገብስ፣ አጃ፣ ጤፍ (ነጭም ሆነ ቀይ)፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ዳጉሳ፣ ሩዝ ሁሉም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ዋና ሥራቸው ጉልበት መስጠት ነው። ዘጠኙን ብትቀላቅይ የበዛው ስሙ እንጂ ምግቡ አይደለም። እኛ የልጅን ምግብ ስንቆጥር የምንቆጥረው እህሉን ሳይሆን ምድቡን ነው። ምድቦቹ 8 ናቸው፦ የእናት ጡት፣ እህልና ሥራ ሥር፣ ጥራጥሬና የቅባት እህል፣ ወተትና እርጎ፣ ሥጋና ዓሣ፣ እንቁላል፣ ቫይታሚን ኤ ያላቸው እንደ ካሮት፣ ዱባ፣ ጎመንና ማንጎ ያሉት፣ ከዚያ ሌላው አትክልትና ፍራፍሬ። ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ቢያንስ ከ5ቱ መቅመስ አለበት። የዚህች እናት 14 እህል ስንት ምድብ ሆነ? ሁለት። ጡቷን ስንጨምር ሦስት።

ምጥን ጠላቴ አይደለም። እህል የሚያጥረውን ላይሲን የሚባል የፕሮቲን ክፍል ጥራጥሬ ይሞላለታል፣ ጥራጥሬ የሚያጥረውን ደግሞ እህል። ለዚህ ግን 3 እጅ እህልና 1 እጅ ጥራጥሬ ይበቃል፤ ስንዴና ሽምብራ ብቻም ቢሆን። ታዲያ ያንንም በአቆላል እናበላሸዋለን። ሽታው ጎረቤት እስኪጠራ ማሳረር ላይሲኑን መግደል ነው። አንዷ እንዲያውም እንደ ቡና ቆልታው፣ ዱቄቱን ሳየው ጀበናው የት አለ ልል ምንም አልቀረኝ። ለስለስ አድርጋችሁ ቁሉት። 10 ኪሎ አስፈጭታችሁም ለ6 ወር አታስቀምጡ፣ ኦቾሎኒና ሰሊጥ ያለበት ዱቄት ዘይቱ ቶሎ ይበላሻል። 1 ወይም 2 ኪሎ ብቻ አስፈጩ። የሻገተ ኦቾሎኒ ለቅሞ መጣል ነው እንጂ «ሲቆላ ይሞታል» አይባልም፤ ሻጋታው የሚተወው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ በምጣድ አይጠፋም።

«ጤፍ እኮ ብረት አለው» የምትሉኝም አላችሁ። አለው። ግን ከፊሉ አውድማ ላይ ከአፈር የተቀላቀለ ነው፣ የራሱንም ቢሆን እህሉ ውስጥ ያለው ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር አስሮ ይይዘዋል። ሊጡ ሲቦካ ነው ትንሽ የሚላቀቀው።

የዚያ ቀን ዋናው ጉድ ግን ገና ነበር። «እንዴት ነው የምታበስዪው?» ስላት ከቦርሳዋ ጡጦ አወጣች። ውስጡ ውሃ የመሰለ ሙቅ አለ። የጡጦው ጫፍ በጋለ መርፌ ተበስቶ ቀዳዳው ተለቅ ብሏል። መጠኑን ጠየቅኳት፦ 200 ሚሊ ሊትር ውሃ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት። አያትየው ቀበል አድርገው «ወፍራም ከሆነ ያንቀዋል፣ ሆዱንም ያደርቀዋል» አሉኝ።

«እማማ፣ አብረን እናስላው» አልኳቸው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት 35 ካሎሪ ገደማ ነው። የ9 ወር ልጅ ጡት እየጠባም ቢሆን ከምግብ በቀን 300 ካሎሪ ያህል ይፈልጋል። በዚህ ሙቅ ይህን ለማግኘት 8 ወይም 9 ጡጦ መጠጣት አለበት፤ 1.7 ሊትር ገደማ! ሆዱ ደግሞ በአንድ ጊዜ የሚይዘው በኪሎው 30 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፣ የ8 ኪሎ ልጅ 240። ስለዚህ ልጁ ይጠግባል፣ ያገሳል፣ ይተኛል፤ የጠገበው ግን ውሃ ነው።

ያንቀዋል ለሚለው፣ እኔን የሚያስፈራኝ በጀርባው ተኝቶ በሰፋ ቀዳዳ የሚንዠቀዠቅለት ሙቅ ነው። ጡጦው በደንብ አይታጠብም፣ ተቅማጡም ከዚያ ይመጣል። ልጁን ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ በኩባያና በማንኪያ አብሉት። ውፍረቱን ለማወቅ ማንኪያውን ዘንበል አድርጉ፦ እንደ ውሃ ከወረደ ዱቄት ጨምሩ፣ ማንኪያው ላይ ከቆየና ቀስ ብሎ ከወረደ ደህና ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ወይም ቅቤ ጣል ብታደርጉበት 40 ካሎሪ ገደማ ይጨምርለታል።

በጣም ከወፈረባችሁ መላውን የምታውቁት እናንተው ናችሁ፦ ብቅል። ለጠላ ብቻ የተፈጠረ አይደለም። ወፍራሙ ገንፎ በረድ ሲል ትንሽ የብቅል ዱቄት ጨምራችሁ አማስሉት፤ ውሃ ሳትጨምሩ ዓይናችሁ እያየ ይላላል። ከዚያ እንደገና አፍሉት።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልበል። «የሥጋው ጉልበት መረቁ ውስጥ ነው» ብሎ ሥጋውን አባት ይበላል፣ ልጁ ውሃውን ይጠጣል። ብረቱ ሥጋው ውስጥ ነው፤ አብስሉት፣ በጣም አድቅቃችሁ ቀላቅሉለት። «ጥርስ ሳያበቅል?» አዎ፣ የደቀቀ ሥጋ ጥርስ አይጠይቅም። «ቀይ ሥር ደም ይሆናል» ለሚሉት፣ በቀለም ቢሆን በርበሬ ይቀድም ነበር። 6 ወር ሳይሞላ ውሃም፣ የአብሽ ውሃም፣ ለአራስ ልጅ ቅቤ ማስዋጥም አያስፈልግም። ማር እስከ 1 ዓመት በፍጹም፤ ቦቱሊዝም የሚባል አደገኛ በሽታ ሊያመጣበት ይችላል።

እንቁላሉን ሳነሳ አያትየው ዝም አሉ። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር። ልጅ እንዲጾም የፈለገ ማንም የለም፤ ጾም ከ7 ዓመት እንደሚጀምር እሳቸው ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ። የቸገረው ዕቃው ነው፦ «ድስቱ ይነካካብናል።» በዚህ ምክንያት ስንት ሕፃን 55 ቀን ሙሉ እንቁላልም ወተትም ሳይቀምስ ይከርማል። ለትልቅ ሰው 55 ቀን ነው፣ ለ9 ወር ልጅ የዕድሜው አንድ አምስተኛ ነው። አልተከራከርኳቸውም። ለልጁ የብቻው ትንሽ ድስትና ማንኪያ ለዩለት፣ እጥበቱም ለብቻ ይሁን አልኳቸው። ምሳ ሲሠራም ምስሩ በርበሬ ሳይገባበት አንድ ጭልፋ ይቀነስለት፣ ድንችና ካሮት አብሮ ይፈጭለት።

በ2 ሳምንታቸው ሲመለሱ ጡጦው አልነበረም። እናትየው ስለ እንቁላሉ ልትነግረኝ ስትጀምር አያትየው አቋረጧት። «ድስቷን ሚስማር ላይ ለብቻዋ ሰቅያታለሁ፣ ማንም አይነካትም» አሉኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁ፦ «ያን 10 ኪሎ ምጥን ግን ምን ላድርገው ልጄ?»

«እርስዎ ይጠጡት እማማ። ለጾም ጥሩ አጥሚት ይሆናል።»