የሥነ ምህዳር ስጋት ምንድን ነው? “ክሮሚየም ተገኘ” ማለት ብቻውን ስጋት አይደለም

“አቃቂ ወንዝ ዳር ባለው አፈር ክሮሚየም ስለተገኘ የሥነ ምህዳር ስጋቱ ከፍተኛ ነው።” ይህን አባባል ሰሞኑን ደጋግሜ አነበብኩት። አሁንስ በዛ። መገኘት ሌላ፣ ስጋት ሌላ።

ጅብን አስቡ። ጅቡ ከአጥር ውጭ ሲዞር አደገኛ ነገር አለ ማለት ነው። ስጋት የሚሆነው አጥሩ ተሸንቁሮ፣ ግቢው ውስጥም አህያ ታስራ ስታድር ነው። ጅቡ በካዩ ብረት (እንደ ክሮሚየም ያለ ሜታል) ነው። ሽንቁሩ ብረቱ ሕያው ነገር ጋ የሚደርስበት መንገድ። አህያዋ ደግሞ የምድር ትሉ፣ ዓሣው፣ የአፈሩ ረቂቅ ተሕዋስያን። ኮትቻ አፈር ብዙ ብረት አጥብቆ ስለሚይዝ ደህና አጥር ነው። አፈሩ አሲዳማ ሲሆን ግን ካድሚየምና ዚንክ ይለቀቃሉ። ባሕር ወለል ላይም ኦክስጅን ያልደረሰው ደለል ብዙውን ብረት ከሰልፋይድ ጋር አስሮ ያስቀምጣል። ወደብ ለማስፋት ሲቆፈር እስሩ ይፈታል። ብረቱ አልጨመረም፣ ስጋቱ ግን ጨመረ።

ክሮሚየም ራሱ ሁለት መልክ አለው፤ ባለ ሦስትና ባለ ስድስት (ክሮሚየም III እና VI) ይባላሉ። ቆዳ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት ባለ ሦስቱ በውሃ እምብዛም አይሟሟም። ባለ ስድስቱ ይሟሟል፣ መርዝነቱም የከፋ ነው። “ጠቅላላ ክሮሚየም” የሚለው የላብራቶሪ ውጤት ውሻውንም ጅቡንም በአንድ ይቆጥራል። በዚያ ላይ የአዲስ አበባ አካባቢ አፈር በብዛት ከእሳተ ገሞራ ዓለት የመጣ ነው። ብዙዎች የሚያመሳክሩበት ሼል የተባለው ከጭቃ የተሠራ ድንጋይ አማካይ በኪሎ 90 ሚሊግራም ክሮሚየም ነው፤ የእሳተ ገሞራው ዓለት የባዛልት ግን 170 ገደማ። ስለዚህ ፋብሪካ አይቶ የማያውቅ አፈር እንኳ “የተበከለ” ሊባል ይችላል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ የስጋት ኢንዴክሱ፣ ማለትም የበካዮችን ልኬት ወደ አንድ የስጋት ቁጥር የሚቀይረው ስሌት ነው። ስዊድናዊው ላርስ ሃካንሰን እ.ኤ.አ. በ1980 ያወጣው ለሐይቅ ደለል ነው፤ የትኛው ቦታ ቅድሚያ ይመርመር ለማለት። የእያንዳንዱ በካይ ልኬት ለማመሳከሪያው ተካፍሎ በመርዝነቱ ክብደት ይባዛል፤ የስምንት በካዮች ነጥብ ይደመርና ከ150 በታች ከሆነ “ዝቅተኛ” ይባላል። አሁን አራት ብረት ብቻ ለክተው፣ ያውም በጎመን ማሳ አፈር ላይ፣ ያንኑ 150 ይጠቀማሉ። ግማሹ ሳይደመር ድምሩ ቢያንስ ምን ይገርማል? ካድሚየም ደግሞ በ30 ይባዛል። የሼሉን 0.3 ማመሳከሪያ ለወሰደ ሰው፣ በኪሎ የ0.3 ሚሊግራም የልኬት ስህተት ብቻ 30 ነጥብ ይጨምራል።

“ታዲያ አቃቂ ንጹሕ ነው ልትለን ነው?” ያለኝ አስተያየት ሰጪ አለ። በፍጹም! ወንዙ የከተማውን ፍሳሽና የፋብሪካ ዝቃጭ ተሸክሞ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባል፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይወርዳል። ለዚህም ነው ግምገማው የምር ይሁን የምለው። የምድር ትሎች በዚያው አፈር ውስጥ ይቀመጡ። በ28ኛው ቀን ትላልቆቹ ይወጣሉ፣ በ56ኛው ቀን ልጆቻቸው ይቆጠራሉ። አንዱም ሳይሞት መራባት ሊያቆሙ ይችላሉ፤ ያንን የአፈሩ የብረት ልኬት ብቻውን አያሳይም።

“ጎመኑን ልብላው ወይ?” ለሚለው ግን ይህ ሁሉ መልስ አይሆንም። እሱ የሰው ጤና ስጋት ግምገማ ነው፣ ስሌቱም ለብቻ ነው። ቅጠሉ ራሱ ይለካ፤ ማን፣ በሳምንት ስንት ጊዜ፣ ምን ያህል እንደሚበላም ይጠየቅ።