ስለ ላምቦርጊኒ ሚዩራ የሚወራውና እውነታው

የጣልያኑ ፋብሪካ ላምቦርጊኒ የሠራትን የስፖርት መኪና፣ ሚዩራን፣ ብዙ ሰው ያወቃት በአንድ የፊልም መክፈቻ ነው። በ1969 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለእይታ የበቃው «ዘ ኢታሊያን ጆብ» ሲጀምር፣ አንዲት ብርቱካንማ ሚዩራ በታላቁ ቅዱስ በርናርድ ተራራ መንገድ ላይ እየተጠማዘዘች ትጓዛለች። ማት ሞንሮ ያዜማል። ከዚያ ዋሻ ውስጥ ትገባለች፣ ከዶዘር ጋር ትጋጫለች፣ ዶዘሩም ስብርባሪዋን እየገፋ ወጥቶ ገደል ይከታል። ስለ መኪናዋ ከሚነገሩት ስሕተቶች ግማሾቹ የተወለዱት ከዚህ ትዕይንት ነው፤ የቀሩት ደግሞ ከፋብሪካው በር ላይ ከተሰበሰበ ወሬ።

«ፊልሙ ላይ ገደል የገባችው ያቺው ስትነዳ ያየናት ሚዩራ ናት»

አይደለችም። ሁለት የተለያዩ መኪናዎች ናቸው። ፊልም ሠሪዎቹ በ1968 ወደ ላምቦርጊኒ ሲሄዱ፣ በአደጋ የተጎዳችና ለመሰባበር የተዘጋጀች አንድ ሚዩራ ነበረቻቸው። የጎደላቸው በቀለምም ሆነ በመልክ እሷን የምትመስል ደህና መኪና ነበር። ፋብሪካው ውስጥ ለደንበኛ ልትሰጥ የደረሰች፣ ያንኑ ብርቱካንማ ቀለም የተቀባች፣ መሪዋ በግራ በኩል የሆነ መኪና ተገኘች። አንድ ነገር ብቻ አስቸገረ፦ ወንበሮቿ የተሸፈኑት በነጭ ቆዳ ነበር፣ በቀረጻ ላይ መቆሸሻቸው አይቀርም። ስለዚህ ነጮቹ ተነቅለው ጥቁር ወንበሮች ተተኩ። የጭንቅላት መደገፊያዎቹ ግን ሊቀየሩ ስላልቻሉ ነጭ እንደሆኑ ቀሩ። ፊልሙን አቁማችሁ ብታዩ ከተዋናዩ ጀርባ ይታያሉ።

መኪናዋን ወደ ቀረጻው ቦታ ነድቶ የወሰዳት ኤንዞ ሞሩዚ የተባለ የፋብሪካው ሠራተኛ ነው። ከሩቅ በሚታዩት ትዕይንቶችም መሪውን የያዘው እሱ ሲሆን፣ ተዋናዩ ሮሳኖ ብራዚ ያለው በቅርብ የተነሡት ላይ ነው። ቀረጻው ሲያልቅ መኪናዋ ፋብሪካው ወዳለበት ወደ ሳንታጋታ ቦሎኜሴ ተመልሳ፣ ተሰናድታ ሮም ላለ ደንበኛ ሄደች። በ2019 ፖሎ ስቶሪኮ፣ ማለትም የላምቦርጊኒ የታሪካዊ መኪናዎች ክፍል፣ የሻንሲ ቁጥሯ 3586 የሆነው መኪና ያቺው የፊልሙ ሚዩራ መሆኗን አረጋግጧል። ገደል የተወረወረችው ደግሞ ሞተር እንኳ አልነበራትም፤ ስትንከባለል ልብ ብሎ ያየ ሰው የኋላዋን ባዶነት ያስተውላል።

«የፊልሟ መኪና ሚዩራ ኤስ ናት»

ቀላሉ መልስ የጊዜ ቅደም ተከተሉ ነው። ሁለተኛዋ ዓይነት፣ ሚዩራ ኤስ፣ ለሕዝብ የቀረበችው በኅዳር 1968 በቱሪን አውደ ርእይ ላይ ሲሆን፣ ፊልሙ የተቀረጸው ግን ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በዚያው ዓመት በአውሮፓ የበጋ ወራት ነው። የፊልሟ መኪና የመጀመሪያዋ ዓይነት፣ ፒ400 ናት። ቀለሟም ቀይ ሳይሆን ብርቱካን ነው።

«ፌሩቾ ላምቦርጊኒ ሚዩራን ያሠራት ኤንዞ ፌራሪን ሊበቀል ነው»

የላምቦርጊኒ መሥራች ፌሩቾ ከኤንዞ ፌራሪ ጋር ተኮራርፎ ነበር የሚለው ወሬ የሚነገረው ስለ ኩባንያው አመሠራረት ነው፤ ኩባንያው በ1963 ሲቋቋም ያወጣው መኪና ግን ሞተሩ ከፊት የሆነ፣ ለረጅም ጉዞ የሚመች 350 ጂቲ ነበር። ፌሩቾ የሚወደው እንዲህ ያለውን ነው፤ የውድድር ጠረን ያለው መኪና አይስበውም ነበር። የሚዩራ ሐሳብ የመጣው ከሥር ካሉት ወጣቶች ነው፦ መሐንዲሶቹ ጃን ፓውሎ ዳላራና ፓውሎ ስታንዛኒ፣ ከእነሱም ጋር የኒውዚላንዱ ሞካሪ ሾፌር ቦብ ዋላስ። ሥራውን የጀመሩት ከሥራ ሰዓት ውጭ ነው። ዳላራ ያኔ ሠላሳ ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። ፌሩቾ የፈቀደላቸው ለኩባንያው ስም ጥሩ ማስታወቂያ ትሆናለች ብሎ እንጂ ብዙ ትሸጣለች ብሎ አልነበረም። ለእኔ ከበቀል ተረቱ ይልቅ የሚያስደንቀው ይኼ ነው፦ የማይወደውን ዓይነት መኪና ባለሙያዎቹን አምኖ እንዲሠሩ የለቀቃቸው አሠሪ።

«ሞተሯ ከሾፌሩ ጀርባ፣ ከኋላ ጎማዎች ፊት የሆነ የመጀመሪያዋ የመንገድ መኪና ናት»

ከእሷ በፊት በ1962 የፈረንሳዩ ረኔ ቦኔ ጄት፣ በ1963 ደግሞ የጣልያኑ ኤቲኤስ 2500 ጂቲ ሞተራቸውን ከሾፌሩ ጀርባ አድርገው ወጥተዋል። ሚዩራ የቀደመችው በሌላ ነው፦ ባለ 12 ሲሊንደር ትልቅ ሞተርን ከሾፌሩ ኋላ በአግድም አስተኝታ ለገበያ በመቅረብ። ቪ12 ሞተር በቁመት ቢቀመጥና ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ከኋላው ቢቀጠል መኪናዋ ከልክ በላይ ትረዝም ነበር። በአግድም ሲተኛ ግን በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት 2.5 ሜትር ገደማ ላይ ቀረ። ሞተሩ፣ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ በአንድ አካል ውስጥ ተጣምረው ተቀረጹ። ሐሳቡ የተወሰደው ከትንሿ የእንግሊዝ መኪና ከሚኒ ነው። በዚያው ፊልም ሚዩራ ከሞተች በኋላ ወርቁን ጭነው የሚያመልጡት ሚኒዎች መሆናቸው ደስ የሚያሰኝ ግጥጥሞሽ ነው፤ አስቦበት ያደረገው ሰው ግን የለም።

ፌሩቾ ትራክተር አምራች ስለነበር፣ ሞተሩ ከትራክተር የመጣ ነው የሚሉ አሉ፤ ይህም ስሕተት ነው። መሠረቱ ጆቶ ቢዛሪኒ ለላምቦርጊኒ የመጀመሪያ መኪና የነደፈው ባለ 3.5 ሊትር ቪ12 ሲሆን፣ ለሚዩራ ወደ 3929 ሲሲ አድጓል። ፒ400 ላይ 350፣ ኤስ ላይ 370፣ በመጨረሻዋ ዓይነት በኤስቪ ላይ 385 ፈረስ ጉልበት ያወጣል።

«ቅርጿን የሠራው ጁጃሮ ነው»

የመኪና ቅርጽ ነዳፊው ጆርጄቶ ጁጃሮ፣ የሚዩራን አካል ከሠራው የቅርጽ ድርጅት ከቤርቶኔ የወጣው በ1965 መጨረሻ ገደማ ነው። ቦታውን የተረከበው የቱሪን ልጅ ማርቼሎ ጋንዲኒ ሲሆን፣ ሚዩራ የእሱ ሥራ ናት። በ1938 የተወለደው ጋንዲኒ፣ መኪናዋ በመጋቢት 1966 በጄኔቫ ስትታይ 27 ዓመቱ ነበር። ባዶው ሻንሲ ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በኅዳር 1965፣ በቱሪን ታይቶ ነበር። ከዚያ እስከ ጄኔቫ የነበረው ጊዜ አጭር ከመሆኑ የተነሣ ሞተሩ ከአካሉ ጋር መግጠሙን የሞከረ ሰው አልነበረም። በአውደ ርእዩ ላይ የሞተሩ ቦታ በሌላ ክብደት ተሞልቶ መክደኛው እንደተቆለፈ ዋለ።

«አካሏ በሙሉ አሉሚኒየም ነው»

ትልልቆቹ የፊትና የኋላ መክደኛዎች አሉሚኒየም ናቸው፤ ሰው የሚቀመጥበት መካከለኛው ክፍልና ሻንሲው ግን ብረት ነው። ሻንሲው ክብደቱ እንዲቀንስ በየቦታው ከተበሳ፣ 1 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ካለው ቆርቆሮ የተበየደ ነው። ዝገቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ቀዳዳዎቹ እርጥበትና አቧራ ይይዛሉ፣ ቆርቆሮውም ለመበላት ጊዜ አይፈጅም። ብረቱና አሉሚኒየሙ የሚነካኩበት ቦታ ደግሞ ውሃ ካገኘው አሉሚኒየሙ ነጭ ዱቄት እያወጣ ይበላል። መኪናዋን የሚመረምር ሰው ቢያንስ ማግኔት መያዝ አለበት። የፊትና የኋላ መክደኛው ላይ ማግኔት ከያዘ፣ ያ ክፍል በኋላ የተተካ ነው። መካከለኛው ክፍል ላይ ካልያዘ ደግሞ ከቀለሙ በታች ወፍራም ስቱኮ አለ ማለት ነው።

«ሞተርና ካምቢዮ አንድ ዘይት መጋራታቸው ለመኪናዋ ምንም አይጎዳም»

ይጎዳል፤ ስለዚህም ነው ፋብሪካው ራሱ በመጨረሻ የለያቸው። ፒ400፣ ኤስ እና የመጀመሪያዎቹ ኤስቪዎች የሞተሩንና የካምቢዮውን ዘይት ይጋራሉ። ጉዳቱ በሁለት በኩል ነው። የማርሽ ጥርሶች ዘይቱን እየፈጩ ያቀጥኑታል፣ የቀጠነ ዘይት ደግሞ የሞተሩን ኩሽኔታ በሚገባ አይጠብቅም። ከማርሽ የሚረግፈው ብናኝም በዘይቱ ታጥቦ ወደ ሞተሩ ይሄዳል። በኋለኞቹ ኤስቪዎች ዘይቱ ሲለይ እያንዳንዱ ለራሱ የሚስማማውን ዘይት አገኘ፣ አንዱ ጎማ ብቻውን በከንቱ እንዳይሽከረከር የሚገድብ ዲፈረንሻል መግጠምም ተቻለ።

ዘይት የሚጋራ ሚዩራ ያለው ሰው ዘይቱን በኪሎሜትር ብቻ ሳይሆን በጊዜም መቀየር አለበት። ሲቀየር የቆየው ፊልትሮ ተቀዶ ይታይ። ቢጫማ ብናኝ ከተገኘ የማርሽ ማመሳሰያ ቀለበቶች እየተበሉ ነው፤ ግራጫ ቀጫጭን የብረት ስንጥር ከጥርሶቹ ይመጣል፤ የሚያብለጨልጭ ቅርፊት ከሆነ ግን የሞተሩ ኩሽኔታ ነውና መኪናዋ ከዚያ በኋላ መነሣት የለባትም። የዘይቱ መጠን ሁልጊዜ ከላይኛው ምልክት አጠገብ ይሁን። ረጅም ኩርባ በፍጥነት ሲታጠፍ ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፤ ከጎደለ ፖምፓው አየር ይስባል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ማርሽ በግድ አይገባም። ውሃው ከሞቀ በኋላም ዘይቱ እስኪሞቅ ጊዜ ይወስዳልና የሙቀት ሰዓቱን ማየት ይገባል።

«ሚዩራ በራሷ ጊዜ ትቃጠላለች»

ብዙ ሚዩራዎች ተቃጥለዋል፤ ምክንያቱ ግን ይታወቃል። እያንዳንዳቸው ሦስት ጉሮሮ ያላቸው አራቱ የዌበር ካርቡራተሮች መጀመሪያ የታሰቡት ለውድድር ነው። የውድድር መኪና ሞተሩን እያስነሣ ቆሞ አይጠብቅም። ሚዩራ ግን በከተማ ትራፊክ መካከል ቆማ ሞተሯ በዝግታ ሲዞር ቤንዚን ከካርቡራተሩ ቢራቢሮ (የአየሩን መተላለፊያ ከሚከፍተውና ከሚዘጋው ክዳን) በላይ ይጠራቀማል፣ አልፎም ይፈስሳል። ሾፌሩ ድንገት ነዳጅ ሲረግጥ ሞተሩ ወደ ኋላ ነበልባል ከመለሰ፣ የፈሰሰው ቤንዚን ይያያዛል።

መከላከያው ጥንቃቄ ነው። የነዳጅ የላስቲክ ቱቦዎች መልካቸው ደህና ቢመስልም ዕድሜያቸው ሲደርስ ይቀየሩ። ቤንዚን ወደ ካርቡራተሩ መግባቱን የሚቆጣጠሩት የተንሳፋፊው ቁመትና የመርፌው መክደኛ ይፈተሹ፤ መርፌው ካልዘጋ ቤንዚኑ ማቆሚያ የለውም። ትርፉ ቤንዚን ከትኩሱ ሞተር ርቆ የሚወርድበት መስመር መኖሩና አለመደፈኑ ይረጋገጥ። ሞተሩ ከተነሣ በኋላ የኋላው መክደኛ ከመዘጋቱ በፊት የካርቡራተሮቹ ሥር እርጥበት ይፈለግ። የእሳት ማጥፊያም ከወንበሩ አጠገብ፣ እጅ በሚደርስበት ቦታ ይሁን። እሳት ከተነሣ መጀመሪያ ቁልፉን ማጥፋት ነው፣ የቤንዚኑ ፖምፓ እንዲቆም። ትልቁን የኋላ መክደኛ ከፍቶ ማየት ለእሳቱ አየር መስጠት ነው፤ ማጥፊያውን ከኋላ መስተዋት በላይ ባሉት ክፍተቶች በኩል መንፋት ይሻላል።

«በፍጥነት ስትሄድ አፍንጫዋ የሚነሣው ሾፌሩ ስለማይችል ነው»

የቤንዚን ታንኩ ከፊት ነው። ሙሉ ሲሆን ፊቱን ይጫነዋል፤ ሲጎድል ግን ፊቱ ይቀላል፣ የአካሉም ቅርጽ ከፍ ያደርገዋል፣ መሪውም ይላላል። በጣም ለመፍጠን የሚያስብ ሰው ታንኩ ሳይጎድል ቢያደርገው ይሻላል።

«የመብራት ሽፋሽፍት የሌላት ሁሉ ኤስቪ ናት»

በፒ400 እና በኤስ መብራቶች ዙሪያ ያሉት ጥቁር ሽፋሽፍቶች በኤስቪ ላይ ቀርተዋል። (መብራቶቹ ራሳቸው ከፊያት 850 ስፓይደር የተወሰዱ ናቸው።) ነገር ግን ኤስቪ ከሁሉም በላይ ስለምትወደድ፣ ሽፋሽፍት ነቅለው ኤስቪ ያስመሰሏቸው መኪናዎች አሉ። ከመብራቱ ይልቅ ኋላውን መመልከት ይሻላል። የኤስቪ የኋላ ቸርኬዎች 9 ኢንች፣ የፊቶቹ 7 ኢንች ስፋት አላቸው፤ የኋላ አካሏም ለዚሁ ሲባል ሰፍቷል። ፒ400 እና ኤስ በአራቱም በኩል 7 ኢንች ናቸው። አካልም ቸርኬም ሊቀየር ስለሚችል፣ የመጨረሻው ማረጋገጫ የሻንሲ ቁጥሩን ከፋብሪካው መዝገብ ጋር ማመሳከር ነው።

ጣሪያ የሌላት ሚዩራ ለገበያ ቀርባለች የሚለውም እውነት አይደለም። ቤርቶኔ በ1968 በብራስልስ ያሳየው ሮድስተር አንድ ብቻ ነው። ዛሬ ጣሪያቸው ተቆርጦ የሚታዩ ሌሎች ሚዩራዎች ከፋብሪካው እንዲያ ሆነው አልወጡም።