ስለ ቡና ቅጠል ሻይ በተለምዶ የሚባሉ ስህተቶች

«ቁጢ የድሃ ቡና ነው።» በሐረር የቡና ቅጠል ሻይ ቁጢ ይባላል፤ ከሁሉም ይበልጥ የሚያንገበግበኝ አባባልም ይህ ነው። ፍሬው ገንዘብ ስለሚያመጣ ወደ ገበያ፣ ቅጠሉ ወደ ጓዳ መሄዱ እውነት ነው። ግን ጉዳዩ የእጥረት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ማን ይደክምበታል? በሐረር ቅጠሉ ደርቆ ምጣድ ላይ ይታመሳል፤ ከዚያም ቀለሙ እስኪወጣ በደንብ ይፈላል፤ እንደየቤቱ ወተት፣ ጨው ወይም ስኳር ይገባበታል። የዱር ቡና በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር በሚበቅልበት በደቡብ ምዕራቡ ደን ደግሞ ስሙ ጨሞ ነው። በቤንችና በሸካ ቅጠሉ ተወቅጦ ከዝንጅብል፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከቃሪያ፣ ከጤና አዳምና ከጨው ጋር ይፈላል። ጎረቤት ተጠርቶ አብሮ የሚጠጣው ነው። እንግዳ የሚከበርበትን መጠጥ የቸገረው ሰው መጠጥ ማለት ነውር ይመስለኛል።

«ቅጠል ስለሆነ ካፌይን የለውም» የሚሉም አሉ። አለው። ለጋ ቅጠል ከበሰለው ቅጠል የበለጠ ካፌይን ይይዛል። ስለዚህ ነፍሰ ጡር ወይም ቡና እንቅልፍ የሚነሳው ሰው ቁጢውንም ከቡናው ጋር አብሮ ይቁጠረው።

ከገለባው ጋር የሚያምታቱትም ብዙ ናቸው። የቡና ገለባ ተፈልቶ የሚጠጣው፣ የመኖች ቂሽር የሚሉት፣ ሌላ መጠጥ ነው።

«ፈረንጆች በቅርቡ ያገኙት ነገር ነው።» የአውሮፓ ኅብረት የቡና ቅጠል ሻይ እንዲሸጥ የፈቀደው በ2020 እ.ኤ.አ. ነው። ይሁንና ፈቃዱ የተሰጠው ከሌላ አገር ለሚመጣ ባህላዊ ምግብ በተዘጋጀው መንገድ ነው። ለዚያ ደግሞ ምግቡ ከኅብረቱ ውጭ ቢያንስ ለ25 ዓመት ሲበላ ወይም ሲጠጣ የቆየ መሆን አለበት። አዲስ ግኝት ቢሆን ኖሮ በዚህ በር ባልገባ ነበር። በኢንዶኔዢያ የምዕራብ ሱማትራ ሚናንግካባው ሕዝቦችም የራሳቸው የቡና ቅጠል መጠጥ አላቸው፤ ካዋ ዳውን ይሉታል።

«ስኳርንም ደም ግፊትንም ያድናል» የሚለው ማስታወቂያ ግን ያስፈራኛል። በቅጠሉ ውስጥ ማንጊፈሪን የተባለ፣ በማንጎ ውስጥም ያለ ንጥረ ነገር መገኘቱ እውነት ነው። ንጥረ ነገር መገኘቱና በሽታ መዳኑ ግን የተለያዩ ናቸው። ማንም በቁጢ ተማምኖ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ።

በመጨረሻ፣ «ቅጠል መልቀም ዛፉን አይጎዳም» ለሚሉ፦ ፍሬውን የሚመግበው ቅጠሉ ነው። ያለ ልክ የተራቆተ ዛፍ ምርቱ ይቀንሳል። ለመከርከም ከሚቆረጡት ቅርንጫፎች መልቀም ይሻላል።