አይረን እየወሰደ ደሙ የማይሞላ ልጅ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ልጅ ሆዴን ካለ መጀመሪያ የሚወቀሰው በርበሬው ነው፣ ቀጥሎ ባክቴሪያው። ብዙ ጊዜ ባክቴሪያው እውነትም ይገኛል። ሐኪሙ "ኦቶኢሚዩን ጋስትራይተስ" ካላችሁ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የልጁ የራሱ የበሽታ መከላከያ፣ ጀርም መዋጋት ሲገባው፣ አሲድ የሚያመነጩትን የጨጓራ ሕዋሳት ያጠቃል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ በርበሬውም የለበትም።

ግራ የሚያጋባው ሆድ ጭራሽ ላያምም መቻሉ ነው። ልጆች ላይ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታየው ደም ማነስ ነው። አይረን በደንብ እንዲመጠጥ አሲድ ይፈልጋል፤ አሲዱ ሲያንስ ምስሩም ጎመኑም የታዘዘው ሽሮፕም ገብቶ ብዙው እንዲሁ ይወጣል፣ ቤት ውስጥ ግን "አልበላ ብሎ ነው" እየተባለ ልጁን ይቆጡታል። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት የሚመጣው ቆይቶ ነው፣ ጉበት የዓመታት ስንቅ ስለሚይዝ። ሲመጣ ነርቭም ይነካል።

አንድ የኛ ሰፈር ጉዳይ፦ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍታ ሄሞግሎቢንን (ደም ማነስ የሚለካበትን ቁጥር) ስለሚጨምር፣ ዝቅ ባለችው ኮምቦልቻ ላይ ደህና የተባለ ቁጥር ደሴ ለሚኖር ልጅ ማነስ ሊሆን ይችላል። ውጤቱ በከፍታ ተስተካክሎ እንደሆነ ጠይቁ።

የሚረጋገጠው በደም ምርመራና በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቱቦ) ከጨጓራ በሚወሰድ ናሙና ነው። የሚነቅለው መድኃኒት የለም፤ የጎደለው ይተካል፣ አይረን ካስፈለገ በደም ሥር፣ ቢ12 አብዛኛውን ጊዜ በመርፌ። የታይሮይድ ችግርና ዓይነት 1 ስኳር አብረውት ሊመጡ ስለሚችሉ እነሱም ይታዩ። የጨጓራ መድኃኒቱን ኦሜፕራዞል ግን ከፋርማሲ በራሳችሁ ገዝታችሁ አትስጡ፣ ያነሰውን አሲድ ይብስ ይቀንሰዋል።