ሰርቨርን ራውተር ስለማድረግ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሊኑክስ ጭነው ለቢሯቸው ራውተር (የቢሮውን ኮምፒውተሮች ከኢንተርኔት ጋር የሚያገናኝ መሣሪያ) ሊያደርጉት የሚሞክሩ ልጆች ብዙ ጊዜ ይደውሉልኛል። ትዕዛዞቹን ያውቋቸዋል። የሚያስቸግራቸው ልክ ነው ብለው የያዙት ነገር ነው።

«ውድ ሰርቨር ያስፈልጋል።»
አያስፈልግም። ለ20 እና ለ30 ኮምፒውተር ጥግ ላይ አቧራ የጠጣ ዴስክቶፕ ይበቃል። ሁለተኛ የኔትወርክ ካርድ ጨምሩለት። አንዱ ኢንተርኔት ወደሚያመጣው ሞደም፣ አንዱ የቢሮውን ኮምፒውተሮች ወደሚያያይዘው ስዊች። የተረፈውን ብር ለዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለሚያቆየው ባትሪ) አውሉት።

«ፎርዋርዲንግ ከበራ አለቀ።»
ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። ሊኑክስ ሲጫን ለሌላ ኮምፒውተር የተላከ ፓኬት (የዳታ ቁራጭ) አያሳልፍም። ይህን የሚፈቅደውን አይፒ ፎርዋርዲንግ ከ0 ወደ 1 ስትቀይሩት ማሳለፍ ይጀምራል። ግን መሄድ እና መመለስ ይለያያሉ።

አንድ ቢሮ ውስጥ በቲሲፒደምፕ (የሚያልፈውን ፓኬት በሚያሳይ ፕሮግራም) የውጪውን ካርድ ከፍተን ስናይ፣ ከ192.168.10.25 ወደ 8.8.8.8 (ኢንተርኔት ላይ ያለ የጉግል አድራሻ) ፒንግ፣ ማለትም «አለህ ወይ?» የሚል መጠይቅ፣ በየሰከንዱ ይወጣል። የሚመለስ ግን አንድም የለም። 192.168 ብለው የሚጀምሩ አድራሻዎች ለውስጥ ኔትወርክ ብቻ የተተዉ ናቸው፤ በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣው አርኤፍሲ 1918 የሚባለው የኢንተርኔት ሰነድ እንዲህ ይላል። ሞደሙ ደግሞ ከሰርቨሩ ጀርባ 192.168.10 የሚባል ኔትወርክ መኖሩን አያውቅም። መልሱን ለማን ይስጥ? ማስከሬድ (የውስጡን አድራሻ በሰርቨሩ አድራሻ የሚተካ የናቲንግ ዓይነት) ስንጨምር ፓኬቱ በሰርቨሩ የውጪ አድራሻ፣ በ192.168.1.2፣ መውጣት ጀመረ። መልሱም ወዲያው መጣ።

ፎርዋርዲንጉንም ማስከሬዱንም በማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ አስቀምጡ። በትዕዛዝ ብቻ ካበራችኋቸው፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ አብረው ይጠፋሉ።

«ለሁለቱም ካርድ ጌትዌይ ይሰጣል።»
ለውጪው ብቻ! ጌትዌይ ወደ ሌላ ኔትወርክ የሚያወጣ በር ነው። የውስጡ ካርድ 192.168.10.1 የሚል አድራሻ ይዞ ይቀመጣል። ጌትዌይ የሚሆነው ለሌሎቹ ኮምፒውተሮች ነው። ሁለት ጌትዌይ ከሰጣችሁት ሰርቨሩ ራሱ መውጫው ይጠፋበታል።

«ናቲንግ ካለ ፋየርዎል አያስፈልግም።»
ናቲንግ አድራሻ ይቀይራል እንጂ በር አይጠብቅም። ሰርቨሩ ላይ የከፈታችሁት ኤስኤስኤች (ሰርቨሩን ከርቀት መቆጣጠሪያ) ከውጪ ለሚመጣውም ክፍት ነው። አይፒቪ6 (አዲሱ የአድራሻ ዓይነት) ካለ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ናቲንግ የሚባል ነገር የለም። በፋየርዎል ከውጪ የሚገባውን ሁሉ ዝጉ፤ ከውስጥ ለተጠየቀ ነገር የሚመጣውን መልስ ብቻ አሳልፉ። ይህን ነገ እናደርገዋለን አትበሉ፣ እባካችሁ።

«ዋይፋዩን ስዊቹ ላይ መሰካት ብቻ ነው።»
መጀመሪያ የዋይፋዩን ዲኤችሲፒ (ለኮምፒውተሮች አድራሻ የሚያድለውን) አጥፉ፣ ኬብሉንም ላን በሚለው ቀዳዳ ሰኩ። ሁለት ዲኤችሲፒ ባለበት ቤት አንዱ ኮምፒውተር ይሰራል፣ አጠገቡ ያለው እምቢ ይላል።

«ኢንተርኔቱ ይፈጥናል።»
የ10 ሜጋቢት መስመር ያው 10 ነው።

ሲያልቅ ከአንድ ኮምፒውተር በተራ ፒንግ አድርጉ፦ መጀመሪያ 192.168.10.1፣ ቀጥሎ ሞደሙን፣ ቀጥሎ 8.8.8.8፣ በመጨረሻ የአንድ ድረ ገጽ ስም። ስሙ ላይ ብቻ ከቆመ ዲኤንኤሱን (ስምን ወደ አድራሻ የሚቀይረውን) እዩት።