በጎንደር የንባብ ትምህርትና ለእያንዳንዱ ልጅ የሚሰጠው ትኩረት

ጎንደር በ17ኛው ክፍለ ዘመን የዐፄ ፋሲል መናገሻ ከሆነች ወዲህ ሊቃውንት የሚፈልቁባት ከተማ ሆና ኖራለች። የዚህ ሁሉ ሊቅነት መነሻ ደግሞ መምህር ለየልጁ እየተቀመጠ የሚያስተምርበት የፊደልና የንባብ ትምህርት ነው። ዛሬ ልጆችን በቤት የማስተማር ጥቅም ሲነሣ በቅድሚያ የሚጠቀሰው የተናጠል ትኩረት በዚህ ሥርዐት ውስጥ ጥንትም ነበረ።

ፊደል ቆጣሪው ልጅ ሲጀምር የኔታ ወይም ከፍ ያለ ተማሪ አጠገቡ ተቀምጦ እያንዳንዱን ፊደል በስንደዶ ያስነካዋል። በሀሁ ተራ አፉን ከፈታ በኋላ ቅደም ተከተሉ በተለወጠው አቡጊዳ ይፈተናል፤ ፊደሉን በዓይኑ ለይቶት ይሁን በዜማ ብቻ ይዞት የሚታወቀውም እዚህ ላይ ነው። ቀጥሎ መልእክተ ዮሐንስን ቁጥር፣ ግእዝ፣ ውርድ ንባብና ቁም ንባብ በሚባሉት የንባብ ደረጃዎች ይመላለስበታል። ልጁን ወደ ዳዊት የሚያሻግረው ዕድሜው አይደለም፤ ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ተጣይና ሰያፍ የሚባሉትን የግእዝ ቃላት አነባበብ ስልቶች ሳያፋልስ ማንበቡ እንጂ። ስለዚህ በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር አንዱ ሀሁ ሲል ሌላው ዳዊት ይደግማል፤ የኔታም ከዚያ ሁሉ ድምፅ መካከል የተሳሳተውን ለይተው ያርማሉ። ማታ ደግሞ ውዳሴ ማርያም ያለ መጽሐፍ፣ በቃል ይጠናል። 150ው መዝሙር ከነቢያት ጸሎትና ከመኃልየ መኃልይ ጋር ሲፈጸም ልጁ ዳዊት ደገመ ይባላል፤ ወላጆቹም እንደ አቅማቸው ደግሰው መምህሩን ያመሰግናሉ።

የመኳንንት ልጆች ቄስ ወደ ቤታቸው እየተጠራ ይማሩ ነበር፤ ፊደል የቆጠሩ የትልልቅ ቤት ሴቶች ልጆችም አብዛኞቹ በዚሁ መንገድ እንደተማሩ ይነገራል።

ትምህርቱ ሽምደዳ ይበዛበታል የሚሉ አሉ። በንባብ ደረጃ የግእዙ ምሥጢር እንደማይፈታ እርግጥ ነው፤ አርጩሜውም አይካድም። ሆኖም ምሥጢሩ የሚፈታበት የትርጓሜ ጉባኤ፣ ላይ ቤትና ታች ቤት ተብሎ በሁለት የአተረጓጎም ወገን የተደራጀው፣ በጎንደር ሊቃውንት የደረጀ መሆኑን ተቺዎቹ ሊዘነጉት አይገባም።

ከተማዋ በ1859 ዓ.ም. በዐፄ ቴዎድሮስ፣ በ1880 ዓ.ም. ደግሞ ከሱዳን በመጣው የደርቡሽ (የመሐዲስት) ጦር ተቃጥላ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ጠፍተዋል፤ የንባብ ትምህርቱ ግን ሕንፃ የማይሻ በመሆኑ ዘልቋል። በአዲስ ዓለም የሙስሊም ሰፈር የቁርኣን ተማሪዎችም በየራሳቸው ሉሕ (የእንጨት ሰሌዳ) ላይ የተጻፈላቸውን ለመምህራቸው እያነበቡ ያልፋሉ።

አሁን ልጆች ከመደበኛ ትምህርት ቤት ሲመለሱ የቤት ለቤት አስጠኚ የሚቀጥሩላቸው ወላጆች አሉ፤ አስጠኚውም እንደ የኔታ ሁሉ ልጁ የቆመበትን ለይቶ ከዚያው ይጀምራል።